በእርግዝና ወቅት የሚከሰት የደም ማነስን በአይረንና በፎሊክ አሲድ ማከም፦ ከዕደላ ወደ ክትትል

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ከነፍሰ ጡሮች 29 በመቶ ያህሉ የደም ማነስ ነበረባቸው፤ በመጨረሻው እርግዝናቸው አይረን ለ90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት እናቶች ግን 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ እንክብል ማደል ብቻውን ሕክምና ሊባል አይችልም።

መከላከልና ማከም በመጠን ይለያያሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመከላከል በቀን ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም አይረንና 0.4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ይመክራል። የነፍሰ ጡሯ ሂሞግሎቢን በዴሲሊትር ከ11 ግራም በታች ሲሆን፣ እስኪስተካከል ድረስ አይረኑ ወደ 120 ሚሊግራም ከፍ ይላል። 300 ሚሊግራም ፌረስ ሰልፌት የያዘ እንክብል ውስጥ ያለው አይረን 60 ሚሊግራም ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ሁለቱን ቁጥሮች ማምታታት የመጠን ስሕተት ያስከትላል።

ቡናና ሻይ አይረን ወደ ደም እንዳይሰርግ ስለሚያደርጉ ከእንክብሉ ጋር ሊወሰዱ አይገባም። የሰገራ መጥቆር ጉዳት እንደሌለው አስቀድሞ ካልተነገራት ግን እናቲቱ መድኃኒቱን በፍርሃት ልታቋርጥ ትችላለች።

ከአራት ሳምንት በኋላ ሂሞግሎቢን ካልጨመረ፣ መጠኑን ከማሳደግ በፊት አወሳሰዱ፣ የመንጠቆ ትል፣ ወባና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሊመረመሩ ይገባል። ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ በመሆኑ፣ ጾም ለምታዘወትር እናት ይህ ምርመራ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ከፍተኛ መጠን ያለው ፎሊክ አሲድ የደሙን ውጤት ቢያሻሽልም፣ የቢ12 እጥረት የሚያደርሰው የነርቭ ጉዳት ተሸፍኖ ሊቀጥል ይችላል።

በመጨረሻም፣ ከመጠን ያለፈ አይረን ሕፃናትን ሊገድል ስለሚችል፣ እንክብሉ እነርሱ በማይደርሱበት ቦታ እንዲቀመጥ ማሳሰብ የሕክምናው አካል ነው።