እማማ ቦርሳ ጠባቂ አይሁኑ

«እማማን ይዘን እንሂድ ወይስ ቤት ይረፉ?» ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ፣ ከአትላንታ እስከ ዳላስ፣ በስንቱ ሐበሻ ቤት ይህ ጥያቄ ይነሣል። ልጆቹ «ዲዝኒ ወርልድ ካልሄድን» ብለው ቤቱን ቀውጢ አድርገውታል። አባት የትኬት ሒሳብ ያሰላል፣ እናት ማረፊያ ታፈላልጋለች። አያት ደግሞ ሶፋው ጥግ ላይ ሆነው «እኔን ተዉኝ፣ ለልጆቹ ይሁን፤ እግሬም አይችልም» ይላሉ። ነገሩ በዚያው ይዘጋል።

እባካችሁ አይዘጋ! ይዛችኋቸው ሂዱ። ስትሄዱም ለሻንጣ ጥበቃ አይሁን፤ ሊጫወቱ ይሂዱ።

ብዙዎቹ እናቶቻችን አሜሪካ የሚመጡት አራስ ሊጠይቁ፣ ሕፃን ሊይዙ ነው። ገንፎ ያገነፋሉ፣ አጥሚት ይሠራሉ፣ ሌሊት የነቃ ልጅ ያባብላሉ። ወላጆች ሥራ ሲውሉ እሳቸው ከሕፃኑ ጋር አፓርታማ ውስጥ ይውላሉ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ በሌላው ቀን መስኮትና ቴሌቪዥን። አገር ቤት ሲመለሱ ጎረቤት «አሜሪካ እንዴት ናት?» ይላቸዋል። የሚመልሱት ስለ ብርዱና ስለ ልጆቹ ነው፤ ሌላ ምን አይተው ያውራሉ? ይህን መቀየር በእጃችን ያለ ነገር ነው። አንድ የዕረፍት ጉዞ ይበቃል።

የዲዝኒ ፓርኮች አነሣሥ ራሱ ለዚህ ይመሰክራል። ዋልት ዲዝኒ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሴት ልጆቹን ሎስ አንጀለስ ወደሚገኘው ግሪፊዝ ፓርክ ይወስዳቸው ነበር። እነሱ የእንጨት ፈረስ ላይ ሲሽከረከሩ እሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል። ወላጅና ልጅ አብረው የሚጫወቱበት ቦታ ለምን አይኖርም የሚለው ሐሳብ እዚያ እንደመጣለት ራሱ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ1955 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዲዝኒላንድ ተከፈተ። በ1971 ደግሞ ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ አጠገብ ዲዝኒ ወርልድ ተከተለ። ዋልት በ1966 ስለሞተ ሥራውን ዳር ያደረሰው ጡረታውን ያዘገየው ወንድሙ ሮይ ነበር። እንግዲህ ቦታው የታሰበው ትልቅ ሰው አግዳሚ ላይ እንዳይቀር ነው። እኛ ግን እናቶቻችንን እዚያ ድረስ ወስደን፣ የሁላችንንም ቦርሳና ጃኬት አስታቅፈን፣ መልሰን አግዳሚው ላይ እናስቀምጣቸዋለን።

የሦስት ትውልድ ጉዞ በአያት ምክንያት አይበላሽም። በሕፃንም አይበላሽም። የሚያበላሸው በመሃል ያለነው ሰዎች ጥድፊያ ነው። የአራት ዓመት ልጅና የሰባ ዓመት አያት አዋዋላቸው አንድ መሆኑን ልብ ብላችኋል? ሁለቱም በማለዳ ይነቃሉ። ሁለቱም እኩለ ቀን ላይ ጥላና ሸለብታ ይፈልጋሉ። ሁለቱም መጸዳጃ ቤት ቶሎ ቶሎ ይሄዳሉ። ሁለቱም ከሰማይ ወደ ምድር የሚወረወር ነገር አይወዱም፤ አንዴ የወደዱትን ደግሞ ደጋግመው ቢያዩት አይሰለቻቸውም። «ይህን ሁሉ ከፍለን ሁሉንም ሳናይ?» እያልን የምንሮጠው እኛ ነን። ስለዚህ ዕቅዱን በእነሱ ልክ ስፉት። ለአራት ዓመትና ለሰባ ዓመት የተመቸ ቀን ለሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ዕረፍት ነው፤ እኛም ከዓመት ዓመት የጠማን እሱ አይደል?

ዲዝኒ ወርልድ አራት ዋና ዋና ፓርኮች አሉት፦ ማጂክ ኪንግደም፣ ኤፕኮት፣ ሆሊውድ ስቱዲዮስና አኒማል ኪንግደም። አራቱንም ማዳረስ ግዴታ አይደለም። እኔን ብትጠይቁኝ ትንሽ ልጅና አያት ላለው ቤተሰብ ማጂክ ኪንግደምና አኒማል ኪንግደም ይበቃሉ፤ ሌላው ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ፀሐዩ ሳይከር፣ በሩ ሲከፈት ድረሱ። እኩለ ቀን ላይ ውጡ። በዚያው ቀን ትኬት ወጥቶ መመለስ ይቻላል። የፍሎሪዳ የበጋ ከሰዓት ሙቀቱ ጉልበት ይጨርሳል፤ ብዙ ጊዜም ነጎድጓድና ዝናብ ይዞ ይመጣል። ያንን ሰዓት ተኙበት። አመሻሽ ላይ ተጣጥባችሁ ስትመለሱ ልጁም አያትም አዲስ ሰው ሆነው ለማጂክ ኪንግደም የማታ ርችት ይደርሳሉ።

መጫወቻዎቹንም አስቀድማችሁ ምረጡ። «ኢትስ ኤ ስሞል ወርልድ» የሚባለው እ.ኤ.አ. ለ1964ቱ የኒው ዮርክ የዓለም ትርኢት የተፈጠረ ነው። ጀልባ ላይ ተቀምጣችሁ በቀዝቃዛ አየር ውስጥ ቀስ እያላችሁ፣ የየአገሩን ልብስ የለበሱ አሻንጉሊቶች ሲዘፍኑ ታያላችሁ። የቁመት ገደብ የለውም፤ ሕፃንም አያትም ይገባሉ። አኒማል ኪንግደም ውስጥ ደግሞ ክፍት መኪና ላይ ሆኖ ቀጭኔ፣ ዝሆንና አንበሳ የሚታይበት ኪሊማንጃሮ ሳፋሪስ አለ። መኪናው ስለሚያንገጫግጭ ወገባቸውን የሚያማቸው ሰው ካለ አስቀድሞ ይነገራቸውና ራሳቸው ይወስኑ።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ማጂክ ኪንግደምን የሚዞረው ባቡር ነው። በእንፋሎት የሚሄዱት አራቱ ሎኮሞቲቮች ለመጫወቻ ተብለው የተሠሩ አይደሉም። እ.ኤ.አ. ከ1916 እስከ 1928 ባለው ጊዜ ባልድዊን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ የሠራቸው፣ ሜክሲኮ ውስጥ ዩካታን በሚባለው አገር ሲያገለግሉ የኖሩ እውነተኛ ባቡሮች ናቸው። እዚያው ፓርክ ውስጥ የሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶችም የ1917 ሥራ ናቸው። የጅቡቲው ባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰውም በዚያው በ1917 ነው! ድሬዳዋ ያደጉ፣ ወይም በልጅነታቸው ከለገሃር ተሳፍረው አዋሽን የተሻገሩ አያት እዚህ ባቡር ላይ ሲቀመጡ የሚናገሩት ሞልቷቸዋል። ፉጨቱን ያውቁታል። በየጣቢያው ሙዝና ብርቱካን በመስኮት እንዴት ይገዛ እንደነበር ያወራሉ። ሌላው ሁሉ የልጆቹ ዓለም ሆኖባቸው የዋሉ ሴት እዚህ ላይ አስጎብኚ ይሆናሉ፤ የልጅ ልጅ ደግሞ አፉን ከፍቶ ይሰማል። ይህን ዕድል አታሳልፉባቸው።

ወላጆችም መጫወት አለባቸው፤ እኔ በዚህ አልደራደርም። ስፔስ ማውንቴን ቁመቱ 112 ሴንቲ ሜትር ያልደረሰ ልጅ አያስገባም። እንዲህ ላሉት መጫወቻዎች ተራ መቀያየር የሚባል አሠራር አለ፦ አንዱ ወላጅ ሲሳፈር ሌላው ከልጁ ጋር ይቆያል፤ ከዚያ ሰልፉን እንደገና ሳይሰለፍ ይተካዋል። መግቢያው ላይ ያለውን ሠራተኛ መጠየቅ ብቻ ነው። በቀን አንድ ጊዜ ደግሞ እማማ ልጆቹን ጥላ ሥር አይስክሬም እያበሉ ቢይዙና ባልና ሚስት አብረው ቢሳፈሩ ደስታውን! አንድ ጊዜ ግን አንድ ጊዜ ይሁን፤ ቀኑን ሙሉ አይሁን።

ስለ እግር ነገር በግልጽ እንነጋገር። በቀን ብዙ ኪሎ ሜትር ይኬዳል። በር ላይ ዊልቸር ይከራያል፤ እናቶቻችን ግን ዊልቸር ሲባሉ ይከፋቸዋል። በግድ አታስቀምጧቸው፤ ግን ይዛችሁ ግቡ። ጠዋት ውኃውና ነጠላው ይቀመጥበት። ሲደክማቸው ትልቁ ልጅ «እማማ፣ እኔ ልግፋሽ?» ይበላቸው። ከልጅ ልጅ የመጣን ልመና እንቢ የሚል አያት አላየሁም።

አሁን ሁሉም ሰው ወደሚጠላው ነገር ልምጣ፤ ወደ ሰልፉ። ለሦስት ደቂቃ ጨዋታ ይህን ያህል ቆሞ መጠበቅ ብዙዎችን ያማርራል። እኔ ግን ሰልፉን ከጨዋታው እኩል እወደዋለሁ። በአሜሪካ ኑሮ ውስጥ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አንድ ቦታ ላይ ቆመው፣ የትም የመሄድ ምርጫ ሳይኖራቸው የሚውሉበት ሌላ ቦታ የት አለ? ቤት ውስጥ አንዱ ሥራ፣ አንዱ የቤት ሥራ፣ አንዱ ስልክ ላይ ነው። እዚህ ግን ያለው ሰው ብቻ ነው። ስልኩን ኪስ ክተቱና እንቆቅልሽ አስጀምሩ።

«እንቆቅልሽ!» ይበሉ እማማ። «ምን አውቅልሽ!» ይበሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ። አማርኛቸው የተሰባበረ ቢሆንም ይህቺን ለመያዝ አምስት ደቂቃ አይፈጅባቸውም። ከዚያ ከፓርኩ እየተነሡ አዲስ አዲስ ይፍጠሩ። «ቀኑን ሙሉ ይጋልባል፣ ሳር አይግጥ፣ ውኃ አይጠጣ?» የእንጨቱ ፈረስ። «ዕድሜ ልኩን ሲያጨስ ኖሮ ሳንባውን የማያመው?» ባቡሩ። መልሱ ሲጠፋባቸው «አገር ስጡኝ» ይመጣል፤ ጨዋታው የሚደምቀውም ያኔ ነው። ቨርጂኒያ የተወለደ የስድስት ዓመት ልጅ ለአያቱ የሚሰጠው አገር ከየት ያመጣል? ጎንደርን፣ ሐረርን፣ ጅማን፣ አክሱምን ስሙን መማር ሊኖርበት ነው። «ጎንደርን ሰጠሁሽ!» ሲል እማማ ጎንደር ገብተው ምን እንደበሉ፣ ማን እንደተቀበላቸው እየፎከሩ ይተርካሉ፤ ቀጥሎ መልሱን ይናገራሉ። ለልጅ ቋንቋ ለማስተማር ቅዳሜ ትምህርት ቤት መላክ መልካም ነው፤ እሱም ይቀጥል። ሰልፍ ላይ ሳቅ በሳቅ ሆኖ የተያዘ ቃል ግን ከልጁ ጋር ይቀራል። የፈረሱ ሰልፍ ሲያልቅ «አያልቅ ነበር» የሚል ልጅ ታገኛላችሁ።

አዲስ አበባ ያላችሁ አንባቢዎችም ይህን ጨዋታ ለማድረግ ፍሎሪዳ አያስፈልጋችሁም። እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው አንድነት ፓርክ፣ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ፣ አያት ለልጅ ልጅ የሚያወሩት የበዛበት ቦታ ነው።

የእናቶች ትልቁ ጭንቀት ምግብ ነው፤ ይህም መፍትሔ አለው። ፓርኮቹ ከቤት የተያዘ ምግብ ያስገባሉ፤ የመስታወት ዕቃና አልኮል ግን አይፈቀድም። ዳቦ ቆሎው፣ ቆሎው፣ ለሕፃኑም ገንፎው ይያዝ። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾሙ ደግሞ ምግብ ቤቶቹ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበትን ምግብ ዝርዝሩ ላይ በቅጠል ምልክት ያመለክታሉ። ቅጠሉን እማማን አሳዩአቸውና ራሳቸው ይምረጡ፤ በባዕድ አገር ራሳቸው መርጠው ማዘዝ ለእሳቸው ትልቅ ነገር ነው። በየፓርኩ ሕፃን የሚጠባበትና ዳይፐር የሚቀየርበት የሕፃናት መንከባከቢያ ክፍል አለ፤ ቀዝቀዝ ያለና ጸጥ ያለ ነው።

ገንዘቡስ? ውድ ነው፤ መሸፋፈን አያስፈልግም። የአንድ ቀን ትኬት ከ100 ዶላር በላይ ነው፤ ዋጋውም እንደ ቀኑ ይለያያል። ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ በነፃ ይገባል፤ የብዙ ቀን ትኬት ደግሞ ለየቀኑ ሲካፈል ይረክሳል። በኪሲሚ ከተማ ወጥ ቤት ያለው ቤት ተከራይቶ ሽሮ እየሠሩ መብላት ከሆቴል ይሻላል። ለዚህ ሁሉ ደግሞ እኛ እቁብ አለን! ወንድማማችና እኅትማማች ከዛሬ ጀምሮ ወር በወር ጣሉ። ልጆቹም ዕጣ ያውጡ፤ ቁጠባ ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ ይልቅ በዚህ ይገባቸዋል። ለዲሲና ለአካባቢው ሰው ሌላም አማራጭ አለ፦ ከሎርተን፣ ቨርጂኒያ የሚነሣው አውቶ ትሬን መኪናችሁን ጭኖ፣ እናንተን አሳፍሮ፣ አድሮ ጠዋት ኦርላንዶ አጠገብ ሳንፎርድ ያደርሳችኋል። 1,370 ኪሎ ሜትር ገደማ ከመንዳት፣ ሌሊቱን አያትና የልጅ ልጅ መስኮት ተጋርተው ቢያድሩ አይሻልም?

ልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ካልጀመሩ ከጥምቀት በኋላ ያሉትን ሳምንታት ምረጡ፤ አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ ሕዝቡም ይቀላል። በእንቁጣጣሽ ሰሞንም ሰልፉ አጭር ነው፤ ግን ሙቀቱ አልበረደም፣ የአውሎ ነፋስ ወቅትም ነው።

እንግዲህ ዛሬ ማታ እማማን ጠይቋቸው። «እኔ ምን ቸገረኝ፣ ልጆቹ ደስ ይበላቸው» ይሏችኋል፤ ይህን መልስ አትቀበሉ። ስልካችሁን አውጡና የባቡሩን፣ የጀልባውን፣ የቀጭኔውን ቪዲዮ አሳዩአቸው፤ ከዚያ ደግማችሁ ጠይቁ። አንዱ ላይ «ይቺ ደስ ትላለች» ማለታቸው አይቀርም። ያችን የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያ ጨዋታ አድርጋችሁ ጻፏት፤ የልጆቹ ምርጫ ሁለተኛ ይሁን። ከዚያ ለእኅታችሁ ደውሉና ስለ እቁቡ ንገሯት።