በንግድ ጽሕፈት ውስጥ ልዩ ምልክቶችን በትክክል ስለ ማስገባት

የዋጋ ማቅረቢያ፥ የሽያጭ ውል ወይም የንግድ ደብዳቤ በሚጻፍበት ጊዜ ቃላቱ ብቻ ሳይሆኑ ምልክቶቹም የስምምነቱ አካል ናቸው። ዕቃው በፓውንድ ወይም በዩሮ መሸጡን፥ ኮሚሲዮኑ አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሁለት ተኩል ከመቶ መሆኑን የሚያስታውቀው ብዙ ጊዜ አንዲት ትንሽ ምልክት ናት። ስለዚህ የነጋዴ ጸሐፊ በቁልፍ ሰሌዳው ላይ የማይገኙትን ምልክቶች በኮምፒዩተር እንዴት እንደሚያስገባ ጠንቅቆ ማወቅ ይገባዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፥ ኮምፒዩተር ምልክትን የሚይዘው በመልኩ ሳይሆን በተሰጠው ቁጥር መሆኑ ነው። ለዐይን አንድ የሚመስሉ ሁለት ምልክቶች በኮምፒዩተሩ ዘንድ ፈጽሞ የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። ለምሳሌ አንድ መድኃኒት አስመጪ ዕቃው ከ2° እስከ 8° ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ እንዲጠበቅ ያዝዛል እንበል። ጸሐፊው የዲግሪውን ምልክት ስላጣ ዜሮን አሳንሶ ከመሥመሩ ከፍ አድርጎ ቢጽፍ፥ በወረቀት ላይ ልዩነቱ አይታወቅም። ነገር ግን ያው ጽሑፍ ተቀድቶ በስልክ መልእክት ሲላክ የዜሮው ከፍታ ይቀርና 2° የነበረው 20፥ 8° የነበረው 80 ሆኖ ይነበባል። እንዲሁም 12½ ለማለት አኃዞቹ ያለ ክፍተት ተያይዘው ቢጻፉ 121/2 ይሆናል፤ ይህንንም አንባቢው መቶ ሃያ አንድ ለሁለት ሲካፈል ብሎ ቢረዳው አይፈረድበትም።

ትክክለኛውን ምልክት ለማስገባት ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው በማይክሮሶፍት ዎርድ ውስጥ ኢንሰርት ከሚለው ክፍል ሲምቦል የሚለውን፥ ቀጥሎም ሞር ሲምቦልስ የሚለውን መክፈት ነው። በዚያ የምልክቶች ሠንጠረዥ ይታያል፤ የሚፈለገውን መርጦ ኢንሰርት የሚለውን መጫን ይበቃል። አንድ ምልክት ዘወትር የሚያስፈልግ ከሆነ በዚያው ሠንጠረዥ ሾርትከት ኪ በሚለው በኩል የራሱን አቋራጭ ቁልፍ መስጠት ይቻላል። ሊብረ ኦፊስ በሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ኢንሰርት ውስጥ ስፔሻል ካራክተር የሚለው ይህንኑ አገልግሎት ይሰጣል።

ሁለተኛው መንገድ ፈጣን ነው። በዊንዶውስ በሚሠራ ኮምፒዩተር ነምሎክ የሚባለው ቁልፍ መከፈቱን አረጋግጦ፥ አልት የሚለውን ቁልፍ እንደ ያዙ በሰሌዳው ቀኝ በኩል ካሉት የቁጥር ቁልፎች የምልክቱን ቁጥር መጻፍና አልትን መልቀቅ ነው። ለንግድ ሥራ የሚያስፈልጉት ዋና ዋናዎቹ ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦

£ (ፓውንድ) 0163
€ (ዩሮ) 0128
¥ (የን ወይም ዩዋን) 0165
° (ዲግሪ) 0176
½ (ግማሽ) 0189
¼ (ሩብ) 0188
¾ (ሦስት አራተኛ) 0190
² (ካሬ) 0178
± (ሲጨመር ወይም ሲቀነስ) 0177
× (ሲባዛ) 0215

ይህን ዝርዝር በትንሽ ካርቶን ጽፎ ከኮምፒዩተሩ አጠገብ መለጠፍ ይጠቅማል። የቁጥር ቁልፎች በቀኝ በኩል በሌሉት ላፕቶፕ የሚሠራ ጸሐፊ ግን የመጀመሪያውን መንገድ ቢከተል ይሻለዋል።

የአማርኛ ሥርዓተ ነጥብም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙዎች አራት ነጥብ ሲያጡ የላቲኑን ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ይመታሉ። ነገር ግን ይህ ምልክት አራት ነጥብ አይደለም፤ በጽሑፍ ውስጥ አራት ነጥብን የሚፈልግ ሰውም አያገኘውም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ምልክቶቹም ከዚያ ወዲህ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። በዎርድ ውስጥ 1362 ጽፎ አልትንና ኤክስን አንድ ላይ ቢጫኑ «።» ይሆናል፤ 1363 «፣»፥ 1364 «፤» ይሰጣል። ከቁጥሩ በፊት ተያይዞ ሌላ አኃዝ ካለ ግን አራቱን አኃዞች ብቻ አስቀድሞ መምረጥ ያሻል።

ከዚህ ሌላ ሦስት ነገሮች ሊዘነጉ አይገባም።

አንደኛ፥ ዊንግዲንግስ ከሚባለው ፎንት የተወሰደ ምልክት ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሌላ ፊደል ሆኖ ይታያል። ከዩኒኮድ በፊት በተሠሩ የአማርኛ ፎንቶች የተጻፉ አሮጌ ሰነዶችም ይኸው ችግር አለባቸው። እንዲህ ያለውን ሰነድ ወደ ውጭ የሚልክ ሰው ፎንቱን በውስጡ ይዞ እንዲሄድ በፒ.ዲ.ኤፍ. አድርጎ ቢልክ መልኩ ይጠበቅለታል።

ሁለተኛ፥ «ብር» የሚለው ቃልና ተከትሎት ያለው አኃዝ በሁለት መሥመሮች እንዳይለያዩ በመካከላቸው የማይበጠስ ክፍተት ማድረግ ይገባል። ይህም ኮንትሮልን፥ ሺፍትንና የክፍተቱን ቁልፍ አንድ ላይ በመጫን ይገኛል።

ሦስተኛ፥ ምልክት ከሚገባበት ቦታ ይልቅ የማይገባበትን ማወቅ የበለጠ ነው። የዶላር ምልክት የአሜሪካም፥ የካናዳም፥ የአውስትራልያም ነው። ¥ የጃፓን የንና የቻይና ዩዋን የጋራ ምልክት ነው፤ የሁለቱ ዋጋ ግን እጅግ የተራራቀ ስለ ሆነ፥ 500,000 ብሎ ይህን ምልክት ብቻ ያኖረ ነጋዴ ምን ያህል ዕዳ እንደ ገባ በሰነዱ ማስረዳት አይችልም። ስለዚህ በውልና በዋጋ ማቅረቢያ የገንዘቡ ሙሉ ስም፥ ወይም ዓለም አቀፍ የሆነው ባለ ሦስት ፊደል መለያው በላቲን ፊደል ይጻፍ፤ ይኸውም ለብር ኢ.ቲ.ቢ.፥ ለየን ጄ.ፒ.ዋይ.፥ ለዩዋን ሲ.ኤን.ዋይ.፥ ለአሜሪካ ዶላር ዩ.ኤስ.ዲ. ነው። ባንኮች የብድር ሰነድ፥ ማለትም ኤል.ሲ.፥ በሚላላኩበት በስዊፍት መልእክት ውስጥ £፥ €፥ ½ እና ° አይተላለፉም። ለባንክ የሚቀርበው ማመልከቻ እነዚህን ሁሉ በቃል ገልጾ መጻፍ አለበት፤ አለዚያ ምልክቱ ወድቆ ቁጥሩ ብቻ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከንቱ ድካም የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ያወጣውንና ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮ የሚሠራበትን ስለ ኤል.ሲ. የተደነገገውን ደንብ ቁጥር 600 ያስታውስ። በዚህ ደንብ መሠረት ባንክ የሚመለከተው ሰነዱን እንጂ ዕቃውን አይደለም። ዕቃው ያማረ ቢሆንም ሰነዱ ከኤል.ሲ.ው ጋር ካልተስማማ ክፍያው ሊከለከል ይችላል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፥ ጸሐፊ ጽሑፉን ከመላኩ አስቀድሞ በሌላ ኮምፒዩተር ወይም በስልክ ከፍቶ እያንዳንዱን አኃዝ ከነምልክቱ ቢያነብ የሚያጠፋው ጥቂት ደቂቃ ነው። ያ ጥቂት ደቂቃ ግን ከብዙ ክርክርና ከብዙ ኪሣራ ያድናል።