ፓወር ባንክ ይዘው ሲጓዙ፦ ከመግዛትዎና ከመሳፈርዎ በፊት ማወቅ ያለብዎት

ይህ ጽሑፍ የስልክ መሙያ ባትሪ ወይም ፓወር ባንክ ይዘው በአውሮፕላን ለሚጓዙ ታካሚዎችና እነሱን ለሚሸኙ ቤተሰቦች የተዘጋጀ ነው። ሌላውን ለማንበብ ጊዜ ከሌለዎት ይህን ብቻ ይያዙ፦ ፓወር ባንክ ለአየር መንገዱ በሚያስረክቡት ሻንጣ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። ከእርስዎ ጋር፣ በእጅ ቦርሳዎ ውስጥ ይጓዛል።

ከሊትል ኢትዮጵያና ከአካባቢው ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሻንጣ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። ጫማ፣ ቫይታሚን፣ የልጆች ልብስ፣ ከዚያም አገር ቤት መብራት ሲጠፋ ይጠቅማቸዋል ተብሎ ለዘመድ የተገዛ ሦስት አራት ፓወር ባንክ። ስጦታው መልካም ነው። ችግሩ ከጫማው ጋር መታሸጉ ነው። ሳጥኑ ያልተከፈተ አዲስ ዕቃም ቢሆን ሕጉ ያው ነው።

ለምን በሚጫን ሻንጣ አይገባም?

በፓወር ባንክ ውስጥ ያለው ሊትየም ባትሪ ነው። ከተጎዳ፣ ከመጠን በላይ ከሞላ ወይም ጫፎቹ ከብረት ጋር ከተነካኩ ውስጡ በራሱ መጋል ይጀምራል። ሙቀቱ ሌላ ሙቀት ይወልዳል፤ ከዚያ ጭስ፣ ከዚያ እሳት ይከተላል። ይህ በተሳፋሪዎች ክፍል ውስጥ ቢሆን ሰው ያያል፣ ይሸታል፤ አስተናጋጆቹም ውሃ አፍስሰው እንዲያቀዘቅዙት ሠልጥነዋል። በአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ግን ቶሎ የሚደርስለት የለም።

ትንሽ ባትሪ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 2013 በለንደን ሂትሮው ቆሞ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 በጅራቱ አካባቢ ተቃጠለ። በውስጡ ተሳፋሪ አልነበረም። የእንግሊዝ መርማሪዎች እሳቱ የተነሣው የአደጋ ጊዜ ምልክት ከሚያስተላልፍ መሣሪያ የሊትየም ባትሪ እንደሆነ ደረሱበት። ያ ባትሪ ፓወር ባንክ አልነበረም፤ ዓይነቱም ይለያል። ሆኖም የአንድ ትንሽ መሣሪያ ባትሪ የአንድ ትልቅ አውሮፕላን ጣራ ክፉኛ ማቃጠል ችሏል። እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 2025 ደግሞ በደቡብ ኮሪያ የኤር ቡሳን አውሮፕላን ሊነሣ ሲል ከወንበር በላይ ካለው የዕቃ ማስቀመጫ እሳት ተነሣ። ሰዎቹ በሙሉ በሕይወት ወጡ፣ አውሮፕላኑ ግን ተቃጠለ። መርማሪዎቹ መነሻው ፓወር ባንክ ሳይሆን እንደማይቀር ተናግረዋል። ከዚያ በኋላ አገሪቱ ፓወር ባንክ ከወንበር በላይ እንዳይቀመጥ ከለከለች።

ሲገዙ ምን ይመልከቱ?

መጀመሪያ በጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። ሁለት ቁጥሮች ይፈልጉ። አንዱ ሚሊአምፔር-ሰዓት ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ ኤም፣ ኤ፣ ኤች የሚሉ ፊደላት ከጎኑ አሉ። ሁለተኛው ዋት-ሰዓት ነው፤ ደብልዩ እና ኤች ይላል። አየር መንገዶች የሚጠይቁት ሁለተኛውን ነው። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለ ልዩ ፈቃድ ይፈቀዳል። ከ100 በላይ እስከ 160 ድረስ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል፣ ከሁለትም አይበልጥም። ከ160 በላይ የሆነ በተሳፋሪ አውሮፕላን አይሄድም።

ዋት-ሰዓቱ ካልተጻፈ ሚሊአምፔሩን በ3.7 አባዝተው ለ1,000 ያካፍሉ። በ5 አያባዙ፤ 5 ቮልት የተባለው ወደ ስልክዎ የሚወጣው ኃይል ነው። በዚህ ስሌት 10,000 የሚለው 37 ዋት-ሰዓት፣ 20,000 የሚለው 74 ይሆናል። 30,000 ከሆነ 111 ስለሚሆን ፈቃድ ይጠይቃል። ለአብዛኛው መንገደኛ 10,000 ወይም 20,000 ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ትከሻ ከማድከም ሌላ ጥቅሙ አይታየኝም።

በኪስ የሚገባ ቀላል ዕቃ ላይ 50,000 ተብሎ ተጽፎ ዋጋው ከአንድ ምሳ ካነሰ አይመኑት። ቁጥሩ እውነት ከሆነ 185 ዋት-ሰዓት ስለሆነ አይሳፈርም፤ ውሸት ከሆነ ደግሞ በመለያው የዋሸ በውስጡ ባለው ነገር እንዴት ይታመናል? ዩ-ኤል የሚል የደኅንነት ምልክት ይፈልጉ፤ ለፓወር ባንክ የወጣው መመዘኛ ቁጥሩ 2056 ነው። ደረሰኙን አይጣሉ።

ቤት ያለውን አሮጌውንም ይፈትሹ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 አንከር የተባለው ኩባንያ ፓወርኮር 10000 የሚባለውንና የሞዴል ቁጥሩ ኤ1263 የሆነውን፣ አሜሪካ ውስጥ የተሸጠ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ፓወር ባንክ፣ በእሳት አደጋ ምክንያት ከገበያ ጠርቷል። የሞዴል ቁጥሩ ከታች በኩል ተጽፏል። የተጠራ፣ ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ፓወር ባንክ በእጅ ቦርሳም ቢሆን አይሳፈርም። ስለ ተጠሩ ዕቃዎች የፌዴራሉን የፍጆታ ዕቃዎች ደኅንነት ኮሚሽን በ1-800-638-2772 መጠየቅ ይችላሉ።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መሳፈሪያው በር ላይ ነው። አውሮፕላኑ ሲሞላ ሠራተኛዋ የእጅ ቦርሳዎን ተቀብላ ወደ ታች ልታስጭነው ትችላለች። እንግሊዝኛ የማይናገሩ እናት ፈገግ ብለው ይሰጧታል። በዚያ ቦርሳ ውስጥ ፓወር ባንኩም መድኃኒቱም አሉ። ስለዚህ ሁለቱን ከመጀመሪያው በአንድ ቦርሳ ግን በተለያየ ኪስ፣ በቀላሉ በሚወጡበት ቦታ ያስቀምጡ። ልጆች፣ «በዚህ ቦርሳ ውስጥ ፓወር ባንክና መድኃኒት ስላለ ከእኔ ጋር ይቆይ» የሚል በእንግሊዝኛ ጻፉላቸውና ከፓስፖርታቸው ጋር አድርጉ። ቦርሳው የግድ መጫን ካለበት ሁለቱን አውጥተው ይያዙ።

የባትሪው ጫፍ ከቁልፍ፣ ከሳንቲም ወይም ከመስቀል ሰንሰለት ጋር እንዳይነካካ እያንዳንዱን በየራሱ ትንሽ ከረጢት ያድርጉ። በጉዞ ላይ ከወንበር በላይ አያስቀምጡት፤ የሚያዩት ቦታ ይሁን። በሌላ አገር በኩል ካለፉ የዚያም አየር መንገድ ደንብ ይመለከትዎታል። ለምሳሌ ኤምሬትስ ከጥቅምት 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለአንድ ሰው ከ100 ዋት-ሰዓት በታች የሆነ አንድ ፓወር ባንክ ብቻ ይፈቅዳል፣ በበረራ ላይም መጠቀምን ይከለክላል። በዱባይ በኩል የሚሄድ ሰው አራቱን ስጦታ ይዞ መነሣት አይችልም ማለት ነው። ትኬት ሲቆርጡ ስለ ብዛቱ ይጠይቁ።

ሕመም ላለባቸው መንገደኞች

አገር ቤት በነርስነት ተምሬ እዚህ በሕክምና አስተርጓሚነት ስሠራ፣ ታካሚዎች ከጉዞ በፊት ስለ መድኃኒት ሲጠይቁ እሰማለሁ፤ ስለ ባትሪ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሆኖም ዛሬ ብዙ ሕክምና በስልክ ላይ ተንጠልጥሏል። ስኳርዎን በክንድ ላይ በሚለጠፍ መለኪያ የሚከታተሉ ከሆነ ስልኩ ሲጠፋ ማስጠንቀቂያውም ይጠፋል። ስለዚህ በጣት የሚለኩበትን መሣሪያ ከነወረቀቱ ይያዙ። ባትሪ አለኝ ብለው አይተዉት።

ኢንሱሊንና ፓወር ባንክ በአንድ ኪስ አይሁኑ። ፓወር ባንክ ሲሠራ ይሞቃል፤ ኢንሱሊን ደግሞ በሙቀት ይበላሻል፣ ሲበላሽም መልኩ ላይለወጥ ይችላል።

ስኳር እግርዎን ወይም እጅዎን ካደነዘዘው ፓወር ባንኩን ጭንዎ ላይ፣ ካልሲ ውስጥ ወይም ብርድ ልብስ ሥር አድርገው አይተኙ። ሌላው ሰው «ሞቀኝ» ብሎ የሚያነሣውን እርስዎ ላይሰማዎት ይችላል። ቀስ ብሎ የሚያቃጥል ሙቀት ቁስል ያወጣል፤ የስኳር ታማሚ ቁስል ደግሞ ቶሎ አይድንም። በነጠላ ወይም በጋቢ ጠቅልሎ ማስቀመጥም ሙቀቱን ይይዘዋል።

የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመልዎት ከሆነ በማግኔት ስልክ ላይ የሚጣበቀውን ፓወር ባንክ በደረት ኪስ አይያዙ። ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ያርቁት። ኦክስጅን የሚጠቀሙ ሰዎች ባሉበት አጠገብ ቻርጅ አያድርጉ። በጉዞ ላይ የኦክስጅን ማሽን የሚይዙ ከሆነ አየር መንገዱ የበረራውን ጊዜ አንድ ተኩል እጥፍ የሚሸፍን ባትሪ ሊጠይቅዎት ይችላል፤ ይህን ከመሣሪያው አቅራቢ ጋር ከሳምንታት በፊት ይጨርሱ። የስልክ ፓወር ባንክ እንዲህ ያለውን ማሽን አያንቀሳቅስም፣ ለመሞከርም አይሞክሩ።

ቤት ውስጥ ቻርጅ ሲያደርጉ

አልጋ ወይም ሶፋ ላይ ሳይሆን በጠንካራ ነገር ላይ ያድርጉት። ሲተኙ ይንቀሉ። መውጫ በሩ አንድ ብቻ በሆነ አፓርትመንት ውስጥ በሩ አጠገብ አይሰኩ፤ እሳት ቢነሣ መንገድዎን ይዘጋል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተዉት።

ቢያብጥ፣ ቢጤስ ወይም ቢያቃጥል

አውሮፕላን ውስጥ ከሆኑ አስተናጋጅ ወዲያው ይጥሩ። እንግሊዝኛ ባይመጣልዎት «ፋየር» ይበሉና ያመልክቱ። ስልክ ወይም ፓወር ባንክ በወንበር መካከል ከገባ ወንበሩን አያንቀሳቅሱ፤ ሊጨፍልቀው ይችላል።

ቤት ውስጥ ጭስ ወይም ነበልባል ካዩ ልጆችን ይዘው ይውጡ፣ በሩን ዘግተው 911 ይደውሉ። ጭሱ መርዛማ ነው። «አምሃሪክ» ብለው አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ክፍያ የለውም።

ቆዳ ከተቃጠለ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ያፍስሱበት። በረዶ አያድርጉ። ቅቤ፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና ወይም ቡና አይቀቡ፤ ሙቀቱን ውስጥ ያስቀሩታል፣ ሐኪሙም ቁስሉን ለማየት መልሶ ማጠብ ይኖርበታል። ቃጠሎው ፊት፣ እጅ ወይም ብልት ላይ ከሆነ፣ ከመዳፍ ከበለጠ፣ ወይም ጭስ ተነፍሰው ካሳልዎት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ስኳር ያለበት ሰው ትንሹንም ያስመርምር።

ያበጠውን ግን ገና ያልጤሰውን አይውጉ፣ አይጫኑ፣ ቻርጅም አያድርጉ። ከሚቃጠል ነገር አርቀው ውጭ ሲሚንቶ ላይ ያስቀምጡት። በካሊፎርኒያ ባትሪ ወደ ቆሻሻ ገንዳ መጣል የተከለከለ ነው። የሎስ አንጀለስ ከተማ ነዋሪ ከሆኑ 311 ደውለው በአቅራቢያዎ ያለውን የአደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ጣቢያ ይጠይቁ፤ ያበጠ ወይም የተጠራ ባትሪ መሆኑን አስቀድመው ይንገሯቸው።