የማነጻጸሪያ ድርሰት፦ ሁለት ከተሞችና ባህላቸው

ማነጻጸር ማለት ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አቁሞ አንድነታቸውንና ልዩነታቸውን ማሳየት ነው። ይህን ለማድረግ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ጥያቄ ማቅረብ ያስፈልጋል። ለሚከተለው ምንባብ የቀረበው ጥያቄ «ባህል ወደ ከተማው ነዋሪ የደረሰው በማን አማካይነት ነው?» የሚል ነው። ይህን እያሰባችሁ ምንባቡን በጥሞና አንብቡ። ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ምንባብ

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቪየናን ማዘጋጃ ቤት ይመሩ የነበሩት በሕዝብ የተመረጡ ሶሻል ዴሞክራቶች ነበሩ። እነርሱም በ1915 ዓ.ም. ከባለጸጎች ቤት ብዙ፣ ከሠራተኞች ቤት ጥቂት የሚሰበሰብበት የቤት ግብር ደነገጉ። በዚህም ገንዘብ እስከ 1926 ዓ.ም. ድረስ ከ60,000 በላይ መኖሪያዎችን አሠሩ። ካርል ማርክስ ሆፍ በተባለው ትልቅ ሕንፃ ውስጥ የሕፃናት መዋያ፣ የልብስ ማጠቢያና ቤተ መጻሕፍት ነበሩ።

በአንጻሩ በአዲስ አበባ ባህልን ወደ አደባባይ ያወጣው ማኅበር ነበር። የኢጣልያ ወረራ በተቃረበ ጊዜ፣ በሐምሌ 1927 ዓ.ም.፣ በአቶ መኮንን ሀብተ ወልድ መሥራችነት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ ሕዝቡን እየሰበሰበ በንግግር፣ በግጥምና በመዝሙር ለነጻነቱ እንዲነሣ ይቀሰቅስ ነበር። ቪየና ከዐሥር ዓመት በላይ ለመሥራት ጊዜ አግኝታለች፤ ማኅበሩ ግን ከተመሠረተ ሦስት ወር ሳይሞላው ጦርነቱ ተጀመረ።

ይሁን እንጂ ሁለቱንም ከተሞች የኃይል እጅ አግኝቷቸዋል። በየካቲት 1926 ዓ.ም. ካርል ማርክስ ሆፍ በመድፍ ተደበደበ፤ የተመረጠውም አስተዳደር ተሻረ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ያም ሆኖ ሕንፃው ዛሬም መኖሪያ ነው፤ ማኅበሩም ከነጻነት በኋላ እንደገና ተቋቁሞ ስሙ በሀገር ፍቅር ቴአትር ይጠራል።

ማስታወሻ

ጸሐፊው የትኛዋ ከተማ እንደምትበልጥ አልፈረደም። እያንዳንዷ የነበራትን ጊዜና ገንዘብ ሳይመዝኑ መፍረድ ማነጻጸር አይባልም።

መልመጃ

1. «በአንጻሩ»፣ «ግን»፣ «ይሁን እንጂ» እና «ያም ሆኖ» የሚሉት አያያዦች ምንን ከምን ጋር እንዳያያዙ አስረዱ።
2. «ቪየና ከአዲስ አበባ የበለጠ ለባህል ታስብ ነበር» ለሚል ሰው ከምንባቡ ማስረጃ እየጠቀሳችሁ በሦስት ዓረፍተ ነገር መልሱ።
3. የምታውቋቸውን ሁለት ከተሞች፣ ለምሳሌ አሶሳንና ጎንደርን፣ መርጣችሁ በአንድ ጥያቄ መሠረት ባለ ሁለት አንቀጽ የማነጻጸሪያ ድርሰት ጻፉ።