የዚንክን እኩልታ ለምታመጣጥን ልጄ

ልጄ፣ ኬሚካዊ እኩልታ ምስክርነት ነው፤ የሆነውን ሳትጨምርና ሳትቀንስ ትናገርበታለህ። በዚንክ ጀምር። በውህዶቹ ውስጥ ቻርጁ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል +2 ስለሆነ ለጀማሪ የሚመች ብረት ነው።

1. መጀመሪያ የሆነውን በቃላት ጻፍ። የዚንክ ቁራጭ በቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ስትጨምር ብረቱ አረፋ ያወጣል፣ እየሟሟም ይሄዳል። ጋዙን በቴስት ቲዩብ ሰብስበህ የነደደ ክብሪት ወደ አፉ ብታስጠጋ ጧ ይላል፤ ሃይድሮጅን ነው። አሲዱ ውስጥ የቀረው ደግሞ ዚንክ ክሎራይድ ነው።

2. ፎርሙላውን ከቻርጁ አውጣ። ዚንክ +2፣ ክሎራይድ −1 ስለሆነ አንድ ዚንክ ሁለት ክሎራይድ ይይዛል። ሁለቱን ክሎራይድ ለማግኘት ሁለት አሲድ ያስፈልጋል፦
ዚንክ + 2 ሃይድሮክሎሪክ አሲድ → ዚንክ ክሎራይድ + ሃይድሮጅን
ሃይድሮጅን ጋዝ ጥንድ አቶም መሆኑን አትርሳ።

3. ትክክለኛውን ፎርሙላ ከጻፍክ በኋላ አትንካው። ዚንክ በአየር ሲነድ ከኦክስጅን ጋር ይዋሃዳል። ኦክስጅን ጥንድ ሆኖ ይገባል፣ በዚንክ ኦክሳይድ ውስጥ ግን አንድ ብቻ ነው። ያኔ ከኦክሳይዱ ግርጌ ትንሽ 2 ልጨምር የሚል ፈተና ይመጣብሃል። ብትጨምር ቆጠራው ይገጥማል፤ የጻፍከው ግን ዚንክ ፐርኦክሳይድን፣ ማለትም ያልተፈጠረን ነገር ነው። ቁጥር የሚጨመረው ከፊት ብቻ ነው፦
2 ዚንክ + ኦክስጅን → 2 ዚንክ ኦክሳይድ

4. ሳይበተን የሚሻገረውን እንደ አንድ ቁጠር። ዚንክ በኮፐር ሰልፌት ውስጥ ሲገባ ሰማያዊው ቀለም ይደበዝዛል፣ መዳብም በዚንኩ ላይ ይለጠፋል። ሰልፌቱ እንዳለ ስለሚሻገር እኩልታው ሲጻፍ ጀምሮ የተመጣጠነ ነው፤ ቁጥር ፍለጋ አትድከም። በሲልቨር ናይትሬት ግን አንድ ዚንክ ሁለት ኤሌክትሮን ይሰጣል፣ አንድ የብር አዮን አንድ ብቻ ይቀበላል፦
ዚንክ + 2 ሲልቨር ናይትሬት → ዚንክ ናይትሬት + 2 ብር

5. አሲድ ሁሉ ሃይድሮጅን ይሰጣል ብለህ አትደምድም። ጠንካራው፣ ያልቀጠነው ናይትሪክ አሲድ ከዚንክ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ቡናማና መርዛማ ጋዝ ነው፤ ሙከራውም የመምህር እንጂ የተማሪ አይደለም፦
ዚንክ + 4 ናይትሪክ አሲድ → ዚንክ ናይትሬት + 2 ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ + 2 ውሃ
እንዲህ ባለው እኩልታ ኦክስጅንን መጨረሻ ላይ ቁጠር፤ በግራም በቀኝም 12 ነው።

6. በመጨረሻ በግራም አረጋግጥ። 65.4 ግራም ዚንክና 72.9 ግራም ሃይድሮጅን ክሎራይድ 136.3 ግራም ዚንክ ክሎራይድና 2 ግራም ሃይድሮጅን ይሰጣሉ፤ በሁለቱም ወገን 138.3 ግራም ነው። ኬሚስቱ ላቮዚየ እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ ያስተማረው ይህንኑ ነው፦ ቁስ ይለወጣል እንጂ አይጠፋም። ሁለቱ ወገን እንቢ ብለው ካልገጠሙልህ ቁጥር ከመቀያየርህ በፊት ወደ ፎርሙላህ ተመለስ፤ ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው።