ኩሽኔታው ሲጮህ

ከባድ ግንድ መሬት ለመሬት ሲጎትቱት ያደክማል። ከሥሩ ክብ ክብ እንጨት ቢያስገቡለት ግን ይንከባለላል። ድካሙም ይቀንሳል። ኩሽኔታ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው።

ኩሽኔታ ሁለት የብረት ቀለበቶች አሉት። ትንሹ ቀለበት በትልቁ ውስጥ ይገባል። በሁለቱ መካከል ትናንሽ የብረት ኳሶች ተደርድረዋል። ትንሹ ቀለበት ዘንጉን ጨብጦ አብሮት ይዞራል። ትልቁ ቀለበት ሳይዞር በቦታው ይቀመጣል። ኳሶቹ በመካከል ይንከባለላሉ። ኩሽኔታ በወፍጮ፣ በውሃ መሳቢያ ሞተርና በእጅ በሚያዙ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ውስጥ ይገኛል።

አሁን ስለ አንድ ብረት ሠሪ እንንገራችሁ። እኚህ ሰው ብረት የሚቆርጡትና ማረሻ የሚሞርዱት ግራይንደር በሚባለው መሣሪያ ነበር። የጎረቤቱ ሁሉ ሥራ በእሱ ላይ ነው። አንድ ቀን ግራይንደሩ ይጮህ ጀመር። “ግሪስ ጠምቶት ነው” አሉና ግሪስ ቀቡት። ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን የባሰ ጮኸ። እጅ እስኪያቃጥል ድረስም ጋለ። ግሪስ የተበላን ኩሽኔታ አያድንምና።

ፈትተው ቢያዩት ከሞተሩ ጫፍ ያለው ትንሹ ኩሽኔታ ተበልቷል። ገበያ ወጡና ለባለሱቁ “ይህችን የምታህል ስጠኝ” ብለው በጣታቸው አሳዩት። ይዘው የተመለሱት ኩሽኔታ ግን አልገጠመም። በመዶሻ ሊያስገቡት ሲነሡ የጎረቤት ልጅ “ጋሼ፣ ቆይ እስቲ! አሮጌው ላይ የተጻፈው ምንድን ነው?” አላቸው።

ጋሼ ማንበብ ከጀመሩ ገና ጥቂት ወራቸው ነው። አሮጌውን ኩሽኔታ በጨርቅ ጠረጉና ወደ ብርሃን አስጠግተው አዩት። “ስድስት፣ ዜሮ፣ ስምንት” ብለው አነበቡ። አዲሱን አነሡ። “ስድስት፣ ዜሮ፣ ዘጠኝ!” አሉና ሳቁ። በሚቀጥለው ገበያ 608 ብለው በገዛ እጃቸው ጽፈው ሄዱ። አሮጌውንም በኪሳቸው ያዙ። ትክክለኛውንም ገዝተው ተመለሱ።

ለመሆኑ ቁጥሩ ምን ይነግረናል? 608 ማለት የውስጥ ቀዳዳው 8 ሚሊ ሜትር፣ የውጭ ስፋቱ 22 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። 609 ግን ቀዳዳው 9፣ የውጭ ስፋቱ 24 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ በዘንጉ ላይ ይላላል፤ በመቀመጫውም አይገባም። ለዓይን ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። የሚለያቸው ቁጥሩ ነው። 608 በየትኛውም አገር ቢሠራ ልኩ ያው ነው። ደግሞም ክዳኑን ተመልከቱ። የአንዳንዱ ክዳን ብረት ነው፤ የአንዳንዱ ላስቲክ ነው። አቧራን የበለጠ የሚከላከለው ላስቲኩ ነው። እንደ አሮጌው ያለውን ግዙ።

ኩሽኔታውን ስትቀይሩ እንዲህ አድርጉ፦

1. ከሁሉ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ። ከዚያም ዲስኩን ፍቱ።

2. በጎንና በጎን ያሉትን ሁለት ካርቦኖች አውጡ። ቀጥሎ የራሱን ብሎኖች ፍቱና የሚዞረውን የሞተር ክፍል ስባችሁ አውጡ። ብሎኖቹ እንዳይጠፉ በሳህን ላይ አስቀምጡ።

3. ኩሽኔታውን በጣታችሁ አዙሩት። ከሻከረ፣ ከተንገጫገጨ ወይም ወዲያና ወዲህ ከተነቃነቀ ተበልቷል ማለት ነው።

4. አሮጌውን በመንቀያ ሳቡት። የዘንጉን ጫፍ በመዶሻ አትምቱ፤ ይጎዳል።

5. ዘንጉንና መቀመጫውን ጥረጉ። የመቀመጫው ፕላስቲክ ቀልጦ ከሆነ ግን ኩሽኔታ ብቻ መቀየር አይበቃም። እሱም መቀየር አለበት።

6. አዲሱን ኩሽኔታ በዘንጉ ላይ አድርጉ። በትንሹ ቀለበት ላይ ብቻ የሚያርፍ ቱቦ ደግፋችሁ ቀስ እያላችሁ ምቱ። ትልቁን ቀለበት ብትመቱ ምቱ በኳሶቹ ላይ ያርፋል። ኩሽኔታው ገና ሥራ ሳይጀምር ይበላሻል።

7. መልሳችሁ ግጠሙና በእጅ አዙሩት። ሳይሻክር ከዞረ የዲስኩን መከለያ ግጠሙ። ከዚያ ከዲስኩ ፊት ገለል ብላችሁ ጥቂት ጊዜ በባዶው አሠሩት።

“ጮኸ እንጂ መች ቆመ!” ብሎ መሥራት ትልቅ ስሕተት ነው። ኩሽኔታ ሲበላ የሚዞረው የሞተር ክፍል ይወላገዳል። ዙሪያውን ያለውን ክፍል ይነካና ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል። ዲስኩም ይንቀጠቀጣል። ከተሰበረ ፍንጣሪው ዓይን ያጠፋል። ያን ጊዜ ጉዳቱ የአንድ ኩሽኔታ ዋጋ ብቻ አይሆንም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ!

እንግዲህ በቤታችሁ ያለውን መሣሪያ አዳምጡ። ሲፈታም ቁጥሩን አንብቡ፤ ጻፉትም። የተማራችሁት ፊደልና ቁጥር የሚያገለግለው በደብተር ላይ ብቻ አይደለም።

ጥያቄዎች

1. የኩሽኔታ ኳሶች ጥቅም ምንድን ነው?
2. ጋሼ በመጀመሪያው ገበያ የተሳሳቱት ለምንድን ነው?
3. 608 እና 609 በምን ይለያያሉ?
4. አዲስ ኩሽኔታ በዘንግ ላይ ሲገባ የሚመታው የትኛው ቀለበት ነው? ለምን?