የብስክሌት ነጂ አንገት ለምን ይታመማል?

ከአዋሽ ተነሥቶ በገዋኔ፣ በአዳይቱና በሚሌ በኩል ወደ ሰመራ የሚዘልቀውን አውራ ጎዳና የሚያውቁ አንባብያን ሁለት ነገሮችን ያስታውሳሉ፤ ሜዳውንና ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱትን የጭነት መኪኖች። ለብስክሌት ነጂ ሁለቱም ከአንገት ጋር የተያያዙ ናቸው። ዳገት የሚወጣ ሰው አልፎ አልፎ ከኮርቻው ብድግ ይላል፤ በሜዳ ላይ ግን አንድ ዓይነት አቀማመጥ ይዞ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። አንገቱ የደረቀበት ነጂ ደግሞ ከኋላው የሚመጣውን ተሳቢ ዞር ብሎ ለማየት ይቸገራል። ስለዚህ ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዳይቱ ላይ ለእረፍት በቆምንበት ወቅት አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፎ አንገቱን ሲያሽ አገኘነው። ብስክሌቱ የታላቅ ወንድሙ ነበር። ሕመሙን ያመካኘው በኮርቻው ጥንካሬ ነው። ተቀምጦ እንዲያሳየን ስንጠይቀው ግን ክንዶቹ እስከ መጨረሻው ተዘረጉ፤ ትከሻዎቹ ወደ ጆሮዎቹ ተሰቀሉ፤ አገጩም ወደ ፊት ወጣ።

ነገሩን በስሌት እንመልከተው። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ መሬት የምትስበው በ49 ኒውተን ጉልበት ነው ማለት ነው። ከአንገት ግርጌ እስከ ጭንቅላት የክብደት ማዕከል ያለው ርቀት ለስሌት እንዲያመች 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን። አንገት ከቀጥተኛው አቋሙ 15 ዲግሪ ወደ ፊት ሲያዘነብል፣ ማዕከሉ ከአንገት ግርጌ በአግድም የሚርቀው 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ 45 ዲግሪ ሲሆን ግን 14 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የመጠምዘዝ ውጤቱም (ቶርክ) ከ2.5 ወደ 7 ኒውተን ሜትር ያድጋል። የአንገት የኋላ ጡንቻዎች ከመዞሪያው ነጥብ የሚርቁት 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው ብንል፣ ጭንቅላትን ለመያዝ የሚያስፈልጋቸው ጉልበት ከ63 ወደ 173 ኒውተን ገደማ ከፍ ይላል። ይህ 17 ኪሎ ግራም ተኩል ዕቃ አንጠልጥሎ እንደ መቆየት ነው። በዚህ ላይ ነጂው መንገዱን ለማየት ራሱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ስለሚይዝ፣ ከራስ ቅል ሥር ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎች ያለ ዕረፍት ይኮማተራሉ።

ጡንቻዎቹ ፈጽመው የሚዝሉበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በሚያቋርጠው ውድድር ላይ ማይክል ሸርመር የተባለው ተወዳዳሪ ራሱን ቀና አድርጎ መያዝ ተስኖት ነበር፤ ሕመሙ እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል።

ታዲያ ሰው ለምን ያጎነብሳል? አንዱ ምክንያት ነፋስ ነው። የአየር መከላከል በአንጻራዊ ፍጥነት ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ነጂ ያንኑ ያህል ፍጥነት ያለው ነፋስ ፊት ለፊት ቢገጥመው መከላከሉ 4 እጥፍ ይሆንበታል። በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው ጽጋቡ ግርማይን የመሳሰሉ ነጂዎች አጎንብሰው ሲነዱ አይተን እንቀናለን፤ እነርሱ ግን በቁመታቸው ልክ በተመረጠ ብስክሌት ለዓመታት የሠለጠኑ ናቸው። ለሌሎቻችን ነፋስ ሲበረታ ፍጥነት መቀነስና ክርንን አጥፎ ከዳሌ ማዘንበል ይሻላል።

ማስተካከያው የሚጀምረው ብዙዎች እንደሚገምቱት ከመሪው ሳይሆን ከኮርቻው ነው። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዝን ብናስቀምጥበት እግር ቀጥ ማለት አለበት፤ በእግር መዳፍ የፊት ክፍል ስንረግጥ ያን ጊዜ ጉልበት በመጠኑ ይታጠፋል። ኮርቻው ጠፍጣፋ ይሁን። አፍንጫው ወደ ታች ያዘነበለ ኮርቻ ነጂውን ወደ ፊት እያንሸራተተ ክብደቱን በክንዶቹ ላይ ይጭናል፤ ትከሻ የሚሰቀለውም በዚህ ሳቢያ ነው። መሪው ሩቅ ነው ብሎ ኮርቻውን ወደ ፊት መግፋትም የአንገትን ችግር ወደ ጉልበት ማዛወር ነው።

መሪው ቀጥሎ ይመጣል። በብዙ የቆዩ ብስክሌቶች ላይ የመሪውን ዘንግ ብሎን ጥቂት ዙር አላልቶ፣ በላዩ እንጨት አድርጎ መታ በማድረግ ማላቀቅና ከፍ ማድረግ ይቻላል። በዘንጉ ላይ የተቀረጸው የመጨረሻ ከፍታ ምልክት ግን ከውጭ መታየት የለበትም፤ ከዚያ ያለፈ ዘንግ እየተነዳ ሊሰበር ይችላል። ብሎኑ ተመልሶ ከጠበቀ በኋላ የፊት ጎማውን በጉልበቶች መካከል ይዞ መሪውን ለማዞር መሞከር ያስፈልጋል፤ ከዞረ አልጠበቀም። በአንድ ጊዜ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ለውጦ ለጥቂት ቀናት መንዳት ተገቢ ነው።

እጅ የሚያደነዝዝ ወይም የሚያዝል የአንገት ሕመም ሐኪም ይፈልጋል። ትኩሳት ያለበት የአንገት መድረቅ የማጅራት ገትር ምልክት ሊሆን ስለሚችል በብስክሌት ሳያመካኙ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል።

የአዳይቱውን ተማሪ ኮርቻ አስተካክለን መሪውን 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ አደረግንለት። ቴላዮው ለቁመቱ ረጅም በመሆኑ ክንዶቹ አሁንም በመጠኑ ተዘርግተው ነበር፤ ይህን ብሎን አይፈታውም። በግራ ትከሻው ላይ ወደ ኋላ እንዲያይ ስንጠይቀው ግን አንገቱን አዙሮ ከገዋኔ በኩል የሚመጣውን ተሳቢ አየ፤ እስኪያልፍም ቆሞ ጠበቀ።